የብረቱ እጅ ሶዶ ሲደርስ ማን ይቀበለዋል?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 7 ቀን 2001 ዶክቶር ዣክ ማሬስኮ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ሁለት እጀታ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከፊታቸው ባለው የቴሌቪዥን መስተዋት ላይ ተክለው፣ የአንዲት የ68 ዓመት ሴት የሐሞት ከረጢት አወጡ። ሥራው 54 ደቂቃ ፈጀ። የሐሞት ከረጢት ማውጣት ለሠለጠነ ሐኪም ብርቅ ነገር አይደለም። ዓለምን ያስደነቀው ሌላ ነው። በሽተኛይቱ በዚያ ክፍል አልነበረችም፤ በዚያ ከተማም፣ በዚያ አገርም አልነበረችም። የተኛችው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ነበር። በሰውነቷ ውስጥ ይሠራ የነበረው እጅ የብረት እጅ ነው፤ የብረቱን እጅ ያዝዝ የነበረው ግን የሐኪሙ እጅ ነው።

ይህን ወሬ የሚሰማ የወላይታ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ማሰቡ አይቀርም። ሐኪሙ ኒውዮርክ ተቀምጦ ስትራስቡርግ ያለችውን ሴት ካዳነ፣ አዲስ አበባ ወይም ሎንዶን ተቀምጦ በሶዶ፣ በአረካ፣ በቦዲቲ ወይም በበሌ የተኛውን በሽተኛ ለማዳን ምን ይከለክለዋል? ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በሕመም ጣር ከመጓዝ የብረቱ እጅ ወደዚህ ቢመጣ አይሻልምን?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። እኛም ለአንባቢዎቻችን ይህ መሣሪያ ከየት እንደ ተነሣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ወዴትም እንደሚሄድ፣ ይልቁንም ወላይታን በመሰለ አገር ምን ጥቅም ሊሰጥ እንደሚችል በአጭሩ እንገልጻለን። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ከቴአትር የወጣ ስም

ሮቦት የሚለው ቃል የተወለደው በፋብሪካ ሳይሆን በቴአትር ነው። ካሬል ቻፔክ የተባለው የቼክ ደራሲ በ1920 ባሳተመው ቴአትር ውስጥ በሰው ፈንታ የሚደክሙ ሰው ሠራሽ ሠራተኞችን በዚህ ስም ጠራቸው። በቼክ ቋንቋ ሮቦታ ማለት ገባር ለጌታው ያለ ደመወዝ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። በአገራችን ሁዳድ ይባል የነበረውን የሚያስታውስ ሁሉ የቃሉን ትርጕም ያለ ብዙ ድካም ይረዳዋል።

ሮቦት ወደ ሐኪም ቤት የገባው ከፋብሪካ ነው። በ1985 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ በሎንግ ቢች ከተማ፣ ለፋብሪካ ሥራ የተሠራ ፑማ 560 የሚባል የብረት ክንድ ከራጅ መሣሪያ ጋር ተያይዞ፣ ከአንጎል ውስጥ ናሙና የሚወስደውን መርፌ አቅጣጫ ለመያዝ አገለገለ። መርፌው ከታሰበለት ነጥብ ጥቂት ቢስት ጕዳቱ ከባድ በሚሆንበት ቦታ የማይንቀጠቀጥና የማይደክም ክንድ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነበር።

በ1992 ደግሞ በሳክራሜንቶ ከተማ ሮቦዶክ የተባለ መሣሪያ የዳሌ መጋጠሚያ በሚተካበት ጊዜ የጭኑን አጥንት ውስጡን በልክ ቦረቦረ። መሣሪያው በሰው ላይ ከመዋሉ በፊት የተሞከረው በውሾች ላይ ነው። ቀጥሎ በ1994 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢሶፕ የሚባለው ክንድ መጣ፤ ይህ ክንድ በሆድ ውስጥ የምትገባውን ካሜራ የሚይዝ ነበር፤ በኋላም ሐኪሙ በቃሉ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ግራ» እያለ እንዲያዝዘው ሆኖ ተሻሻለ።

እነዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ልጆች ናቸው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የኦፐራሲዮን ሮቦት የተወለደው ከሌላ ችግር ነው።

በእንስራ አፍ የሚገባ ጭልፋ

በ1985 ኤሪክ ሙኸ የተባሉ የጀርመን ሐኪም ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጭን መሣሪያ አስገብተው የሐሞት ከረጢት አወጡ። ይህ ላፓሮስኮፒ የሚባለው ዘዴ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቍስሉ ትንሽ ስለሆነ ሕመሙ ይቀንሳል፤ በሽተኛው ቶሎ ተነሥቶ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሐኪሙ ላይ ግን አዲስ ችግር መጣ። ሴቶቻችን በጠባብ የእንስራ አፍ ረጅም ጭልፋ አስገብተው ከሥር ያለውን ሲያወጡ እንደሚያውቁት፣ እጀታው ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። የጭልፋው አንገት አይታጠፍም። የእጅ መንቀጥቀጥ በረጅሙ እንጨት ጫፍ ላይ ሲደርስ ይብሳል። ካሜራው የሚያሳየውም ሥዕል ብዙ ጊዜ ጥልቀት የሌለው ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። በዚህ ዓይነት ክር ማሰርና መስፋት ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ አድካሚ ሥራ ነው።

ሮቦቱ ይህን ችግር ለማቃለል መጣ። በ1997 በቤልጅግ አገር በብራስልስ ከተማ የመጀመሪያው ናሙና የሐሞት ከረጢት ለማውጣት አገለገለ። በ2000 ደግሞ ዳ ቪንቺ የተባለው መሣሪያ በአሜሪካ ለሕዝብ አገልግሎት ተፈቀደ። ዳ ቪንቺ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ሐኪሙ የሚቀመጥበት መንበር ነው፤ በዚያ ውስጥ የሆድ ዕቃው በጥልቀትና እጅግ ጎልቶ ይታየዋል። ሁለተኛው በበሽተኛው አጠገብ የሚቆም አራት ክንድ ያለው ብረት ነው። ሦስተኛው የካሜራውንና የብርሃኑን ዕቃ የያዘ ማማ ነው። በቀዳዳው የሚገባው መሣሪያ ጫፍ ላይ እንደ ሰው አንጓ የሚተጣጠፍ ትንሽ መገጣጠሚያ አለ። ኮምፒዩተሩ የሐኪሙን የእጅ መንቀጥቀጥ ያጣራል። እንደ አስፈላጊነቱ የሐኪሙ እጅ ሦስት ሴንቲሜትር ሲሄድ የመሣሪያው ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ብቻ እንዲሄድ ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ መሣሪያ ሮቦት ይባል እንጂ በራሱ ፈቃድ አንዲት ጅማት አይቈርጥም። ሐኪሙ እጁን ካላንቀሳቀሰ እርሱም አይንቀሳቀስም። ከበሽተኛው አጠገብ ደግሞ መሣሪያ የሚለውጥ ረዳት ሐኪም፣ ነርስና ማደንዘዣ ሰጪ ቆመው ይጠብቃሉ። ድንገት ደም ቢፈስ ክንዶቹን ነቅሎ፣ ሆድን ከፍቶ፣ በገዛ እጁ የሚያቆም ሰው እዚያው መኖር አለበት። የስትራስቡርጓ ሴት በተኛችበት ክፍል ውስጥም የሐኪሞች ጓድ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር።

የአንድ ሰከንድ ሲሶ

ለመሆኑ ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ እንዴት ይቻላል? የሐኪሙ የእጅ እንቅስቃሴ ወደ ቍጥር ተለውጦ በመስመር ይሄዳል፤ የካሜራው ሥዕል በመስመር ይመለሳል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ነው ዋናው ነገር። በ2001 ሥራ ላይ የዋለው መስመር እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስተዋት ክር ውስጥ ብርሃን የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ መዘግየቱ በአማካይ 155 ሚሊ ሰከንድ ነበር፤ ይህም የአንድ ሰከንድ ስድስተኛ እጅ ገደማ ነው። ሊቃውንቱ አስቀድመው ባደረጉት ምርመራ ከ330 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለት ከአንድ ሰከንድ ሲሶ በላይ ከዘገየ ሥራው አደገኛ እንደሚሆን ወስነው ነበር። ሐኪሙ ቈረጥሁ ሲል መቀሱ ገና አልደረሰም፤ ቆመ ሲል ገና እየሄደ ነው።

ስለዚህ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በቆመ ሳተላይት በኩል ኦፐራሲዮን ማድረግ አይመችም፤ ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋልና። አሁን ወደ ምድር ቀርበው የሚዞሩ ሳተላይቶች ይህን ጊዜ አሳጥረውታል። ቢሆንም የመስመሩ ፍጥነት ብቻ አይበቃም፤ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ለቅጽበት እንኳ አለመቋረጥ አለበት። የስልክ ወሬ ቢቋረጥ መልሶ መደወል ይቻላል። ክፍት ሆድ ላይ የተቋረጠ መስመር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሶዶ ያላት

ወደ ወላይታ እንመለስ። ሶዶ ለዘመናዊ ሕክምና አዲስ ከተማ አይደለችም። ዶክቶር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሚስዮን ጓድ ወደ ወላይታ የደረሰው በ1928 ነው። ዛሬ በከተማይቱ ውስጥ ሁለት ስመ ጥር ሆስፒታሎች ይገኛሉ። አንዱ ሕዝቡ ኦቶና እያለ የሚጠራው፣ አሁን የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሆስፒታል ነው። ሁለተኛው በ2005 የተከፈተው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ነው። በዚህ በሁለተኛው ሆስፒታል ውስጥ የመላው አፍሪካ ክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ ወጣት ሐኪሞችን አምስት ዓመት እያስተማረ ቀዶ ሐኪም አድርጎ ያወጣል።

አምስት ዓመት ሲባል አንባቢ ይገምት። ወጣቱ አስቀድሞ የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ዶክቶር ተብሏል። ከዚያ በኋላ ነው ሌላ አምስት ዓመት ሌሊትና ቀን በኦፐራሲዮን ክፍል የሚቆመው። ምጥ የጠናባት እናት፣ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ልጅ፣ አንጀቱ የተጠማዘዘበት ሽማግሌ፣ እንቅርቷ አድጎ አየር የከለከላት ሴት፣ ከሞተር ቢስክሌት የወደቀ ጎረምሳ ሁሉም በአንድ ሌሊት ሊመጡ ይችላሉ። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው እጅ አንድ ነው፤ ሁሉን የሚያውቅ፣ የማይደነግጥ፣ የሠለጠነ የሰው እጅ።

በመላው ኢትዮጵያም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሕዝብ ደኅና ኦፐራሲዮን በሚገባው ጊዜና ዋጋ እንደማያገኝ ተናግሯል። ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 20 ቀዶ ሐኪሞች፣ የማደንዘዣ ሐኪሞችና የማዋለጃ ሐኪሞች በድምሩ እንዲኖሩም መክሯል። አገራችን ከዚህ ልክ ገና እጅግ ሩቅ ናት። መንግሥትም ይህን ስላየ ከ2009 ጀምሮ በገጠር ሆስፒታሎች አስቸኳይ ኦፐራሲዮንና የማዋለድ ሥራ የሚሠሩ መኰንኖችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀምሯል።

ያለ ራጅ ቀዳዳ የሚያገኝ ክንድ

በሶዶ ሥራ ላይ ያለ አንድ መሣሪያ ከሮቦቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። እርሱም ሳይን የሚባለው የአጥንት ዘንግ ነው።

የጭኑ አጥንት የተሰበረ ገበሬ የድሮው ሕክምና እግሩን በክብደት ስቦ ለሳምንታት አልጋ ላይ ማስተኛት ነበር። ወደ ወጌሻ የሄደ እንደ ሆነም፣ ብዙ ወጌሾች ብልኆች ቢሆኑም፣ ቀርከሃው እጅግ ጠብቆ ሲታሰር ደም ተቋርጦ እግሩ እስከ መቈረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ያ ገበሬ እግሩን ሲያጣ ማሳው ጾም ያድራል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ።

በሀብታም አገር ሐኪም በአጥንቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አስገብቶ ከላይና ከታች በብሎን ያስረዋል። የብሎኑ ቀዳዳ ግን በአጥንት ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኝ ስለሆነ፣ እርሱን ለማግኘት በኦፐራሲዮን ጊዜ ሳያቋርጥ የሚያሳይ ውድ የራጅ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዶክቶር ልዊስ ዚርክል የተባሉ፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በቀዶ ሐኪምነት ያገለገሉ አሜሪካዊ፣ በ1999 ባቋቋሙት ድርጅት ይህን ችግር በብልኀት ፈቱት። ከዘንጉ ራስ ጋር የሚጋጠምና ከእግሩ ውጭ በኩል ትክ ብሎ የሚወርድ የብረት ክንድ ሠሩ። በክንዱ ላይ ያለው ቀዳዳ በአጥንቱ ውስጥ ካለው ቀዳዳ ፊት ለፊት ስለሚውል፣ ሐኪሙ ያለ ራጅ ቦታውን ያገኘዋል። ዘንጎቹ ለድሆች በሽተኞች በርዳታ ይሰጣሉ። በዚህ ሕክምና በሽተኛው ለሳምንታት ከመተኛት ይልቅ በቀናት ውስጥ በምርኩዝ ሊነሣ ይችላል።

ሮቦዶክም ይህም ብረት የሚፈልጉት ነገር አንድ ነው፤ በአጥንት ውስጥ ልኩን ቦታ ማግኘት። አንዱ በኮምፒዩተርና በሞተር ያገኘዋል፤ ሌላው ያለ ኤሌክትሪክ፣ በተስተካከለ ብረት ብቻ። ደግሞም ሳይን የሚጠቀሙ ሐኪሞች የእያንዳንዱን በሽተኛ የራጅ ሥዕል ከሩቅ ላሉ ሊቃውንት በኢንተርኔት ይልካሉ፤ ምክርም ይመለስላቸዋል። እንግዲህ ከሩቅ ሆኖ መርዳት ሶዶን ያገኛት በሮቦት መልክ ሳይሆን በዚህ መልክ ነው። የሚሻገረው ምክር ነው፤ የሚሠራው እዚያው ያለ እጅ ነው።

ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ

ሮቦቱ ዋጋው ከባድ ነው። አንድ ዳ ቪንቺ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ያወጣል። የዓመቱ የጥገና ውል ብቻ ከ100,000 ዶላር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በቀዳዳ የሚገቡት መሣሪያዎች ደግሞ እንደ ድሮ መቀስ ተቀቅለው ለዘለዓለም አያገለግሉም፤ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 18 ጊዜ ካገለገሉ በኋላ ኮምፒዩተሩ ራሱ አልቀበልም ይላቸዋል። በውጭ ምንዛሪ ችግር ክርና ጓንት በሚያጥርበት ሆስፒታል ይህ ሒሳብ ቀላል አይደለም።

ደግሞስ ሁልጊዜ ይበልጣልን? ይህን ጥያቄ ሊቃውንቱ ራሳቸው መርምረዋል። በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ ምርመራ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በጥንቱ ልማድ ሆድ ተከፍቶ፣ ለግማሾቹ በትናንሽ ቀዳዳዎች፣ አንዳንዶቹም በሮቦት፣ ኦፐራሲዮን እንዲደረግላቸው አደረገ። ብዙዎች አዲሱ ዘዴ ቢያንስ እኩል ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የተገኙት በጥንቱ ዘዴ ከ100 ውስጥ 96 ተኩል፣ በአዲሱ ዘዴ ግን 86 ሆኑ። ከዚህ የተነሣ ብዙ አገሮች ለዚህ በሽታ ወደ ጥንቱ ዘዴ ተመለሱ። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር የኢትዮጵያን ሴቶች በብዛት ከሚገድሉት ካንሰሮች አንዱ ስለሆነ ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከተናል። በሶዶ ሆድ ከፍቶ በደንብ የሚሠራ ሐኪም በዚህ በሽታ ረገድ ወደ ኋላ የቀረ አይደለም።

ይህን ስንል የሮቦቱን ጥቅም ለመካድ አይደለም። እንደ ፕሮስቴት ባለ በጠባብ የዳሌ ሥፍራ ውስጥ በተሸሸገ ቦታ ሐኪሙ እጅግ ይገለገልበታል፤ የሐኪሙንም ወገብና ዓይን ከድካም ያድናል። በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ ከ9,000 የበለጡ ዳ ቪንቺዎች ሥራ ላይ መሆናቸው መሣሪያው የሚወደድ መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን መሣሪያ ሁሉ ለሁሉ በሽታ አይሆንም። ለምሳሌ በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በሚሄደው ገበሬ ላይ የሚወጣውን የእግር እብጠት ዶክቶር ናታን ባርሎው በ1998 ባቋቋሙት ድርጅት የተዋጉት በሳሙና፣ በውኃና በጫማ ነው። ይህን በሽታ ከሮቦት ይልቅ ጫማ ያሸንፈዋል።

የነገው መንገድ

የሆነ ሆኖ ዘመን ይሄዳል። የዳ ቪንቺ የመጀመሪያ የፈጠራ መብቶች ጊዜያቸው እያለፈ ስለ ሆነ፣ በእንግሊዝ፣ በህንድ፣ በቻይናና በሌሎችም አገሮች ተወዳዳሪ ሮቦቶች ተሠርተዋል። የተወዳዳሪ መብዛት ዋጋን እንደሚቀንስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

ርቀቱም ወደ እኛ አህጉር እየቀረበ ነው። በጁን ወር 2025 ዶክቶር ቪፑል ፓቴል የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ በኦርላንዶ ከተማ ተቀምጠው፣ 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአንጎላ ዋና ከተማ በሉዋንዳ የተኛ የፕሮስቴት ካንሰር በሽተኛ በሮቦት ኦፐራሲዮን አደረጉ። መስመሩ ቢበጠስ ሥራውን የሚረከቡ ሐኪሞች በሉዋንዳ ተዘጋጅተው ነበር። ደግሞ ዶክቶር ማሬስኮ በስትራስቡርግ ያቋቋሙት የሥልጠና ማዕከል በ2023 በሩዋንዳ፣ በኪጋሊ ከተማ ቅርንጫፉን ከፍቶ አፍሪካውያን ሐኪሞችን በትንሽ ቀዳዳ የሚደረገውን ኦፐራሲዮን ማስተማር ጀምሯል። በ2001 በውቅያኖስ ላይ እጃቸውን የዘረጉት ሰው ከዚያ በኋላ የደከሙት ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤትም መሆኑን ልብ ይሏል።

ሮቦቱ በራሱ የሚሠራበት ቀንስ? እርሱም በሩቁ ይታያል። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሮቦት የአሳማን አንጀት ያለ ሰው እጅ መርቶ እንደሰፋ በ2022 ተነገረ። በ2025 ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሌላ ሮቦት የሐኪሞችን ሥራ በሲኒማ አይቶ እንዲማር አድርገው፣ ከአሳማ በወጡ 8 የሐሞት ከረጢቶች ላይ 17 ደረጃ ያለውን ሥራ በራሱ እንዲፈጽም አደረጉት። ሥራው ከሰው ይልቅ ዘገምተኛ ቢሆንም ትክክል ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ በሕይወት በሌለ የአካል ክፍል ወይም በእንስሳ ላይ ነው። ደም በሚፈስበት፣ በሽታው ያልተጠበቀ መልክ በሚያሳይበት በሕያው ሰው ሆድ ውስጥ ብቻውን ለመሥራት ገና ብዙ ይቀረዋል። ደግሞ ቢሳሳት ተጠያቂው ማነው የሚለውን ጥያቄ ኮምፒዩተር አይመልሰውም።

የሚቀበለው እጅ

እንግዲህ ወላይታ ምን ታድርግ? ሮቦት እስኪመጣ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ፣ ወይስ አያስፈልገኝም ብላ ትተወው? ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ሮቦቱ ከመምጣቱ በፊት መቅደም ያለባቸው ነገሮች አሉ። መጀመሪያ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ በ2016 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል አለው። እንዲህ ያለ የኃይል ምንጭ ደጃፉ ላይ ያለ አገር የኦፐራሲዮን ክፍሉ መብራት እንዳይጠፋ መጠየቁ ብልግና አይሆንም። ሁለተኛው ኦክሲጅን፣ የደም ባንክና ማደንዘዣ ሰጪ ነው። ሦስተኛው መሣሪያ ሲሰበር ጠግኖ የሚያስነሣ የሕክምና ዕቃ መሐንዲስ ነው፤ በየሆስፒታሉ ግቢ ጥግ አቧራ የለበሱ በርዳታ የመጡ መሣሪያዎችን ያየ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል።

ከሁሉም በላይ የሚቀድመው ግን እጅ ነው። በትንሽ ቀዳዳ የሚደረገውን ኦፐራሲዮን መማር ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊጀመር ይችላል። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ተማሪዎች ካርቶን በስተው፣ የስልክ ካሜራ ከላይ አስረው፣ በውስጡ ክር ማሰርና መቍረጥ ይለማመዳሉ። ሮቦቱ የሚጠይቀው የዓይንና የእጅ ስምምነት መሠረቱ ይኸው ነው። በአዲስ አበባም የታየው ይህንኑ ያረጋግጣል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከኢትዮጵያውያን ጋር ጎን ለጎን ቆመው በመሥራታቸውና በማስተማራቸው ነው። መሣሪያው ብቻ በአውሮፕላን ተጭኖ ቢመጣ ኖሮ ሳጥኑን የሚከፍት እንጂ ኩላሊቱን የሚተክል አይገኝም ነበር።

ገንዘብ ያለው አገር ሮቦትን በአንድ ቀን ውል ፈርሞ ይገዛል፤ ዋጋውም ዓመት በዓመት እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። የቀዶ ሐኪም እጅ ግን በውል አይገዛም። ዶክቶር ከተባለ በኋላ እንኳ አምስት ዓመት ይፈጃል። በሶዶ ዛሬ ትምህርቱን የሚጀምር ወጣት ከአምስት ዓመት በኋላ ሮቦት ቢያገኝ ያዝዘዋል፤ ባያገኝም እናቲቱን ከነልጇ ያድናል፤ የገበሬውንም እግር ያቆማል። ወጣቱ ካልሠለጠነ ግን የብረቱ እጅ ሶዶ ቢደርስም የሚቀበለው አያገኝም። ስለዚህ ለሮቦት የሚቀመጥ ገንዘብ ቢኖር፣ የመጀመሪያው ብር ለዚያ ወጣት ትምህርት ይዋል።